«ምን አገባህ?» ስለ ሌላው መቆም በልብ ወለድ ድርሰት ውስጥ

ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜን በከንቱ ማሳለፍ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። አንዳንዶቹ «ያልሆነውን ሆነ ብሎ የጻፈን ሰው ማንበብ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ሌሎቹ ነገሩን ለዘብ አድርገው «ለልጅ መዝናኛ ይሁን እንጂ ለትልቅ ሰው አይሆንም» ሲሉ ይደመጣሉ። የእነዚህን ወንድሞች ሥጋት አላቃልለውም። በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ከሚሸጠው ልብ ወለድ ብዙው ጊዜን ከመብላት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ነገር ግን የበሰበሰ ብርቱካን በገበያው በዛ ተብሎ ብርቱካን መብላት አይቀርም። መርጦ መግዛት ነው እንጂ!

በበኩሌ ልብ ወለድን ከሌላው ጽሑፍ ለይቼ የምፈልግበት አንድ ጉዳይ አለኝ። እርሱም «ምን አገባህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ይህን ጥያቄ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ከገጠር የመጣችን አንዲት እናት መልሷን ሲከለክላት አንዱ ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ መልሷን ስጣት እንጂ» ቢል ወዲያው የሚሰማው «አንተን ምን አገባህ?» የሚል ነው። ከረዳቱ አፍ ቢወጣ አይደንቅም። የሚደንቀው ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬም ክርኑን ጎሸም አድርጎ «ተው ባክህ፣ ምን አገባህ?» ማለቱ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ይዘን ያደግን ሰዎች ነንና!

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ላይ ሁለት ልብ ነው። «ጀግና» የምንለው በጦር ሜዳ የዋለውን ነው፤ ፉከራውም ቀረርቶውም ለእርሱ ነው። ስለ ሌላ ሰው አፉን የከፈተውን ግን «ደፋር» እንለዋለን። «ደፋር» ደግሞ ምስጋናም ስድብም ነው። ለአባቱ የሚመልስ ልጅ ደፋር ይባላል፤ ከበላዩ ጋር እሰጥ አገባ የገጠመ ሠራተኛ ደፋር ይባላል፤ የሰው ክብር የነካም «ደፈረ» ይባላል። እንግዲህ ስለ ተበደለው የቆመ ሰው ከሁለቱ ፍቺዎች የትኛው እንደሚደርሰው የሚታወቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከተሳካለት ጀግና፣ ካልተሳካለት ባለጌ! ነገሩ ሳያልቅ፣ ሰውየው ገና በመካከል ቆሞ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚያስብ የሚያሳየን ማን ነው? የታሪክ መጽሐፍ ውጤቱን ይነግረናል፤ ጋዜጣም እንዲሁ። ያችን የመካከል ሰዓት አስረዝሞ የሚያሳየው ግን ልብ ወለድ ነው። ለዚህም ሦስት ድርሰቶችን ይዤ ለመወያየት እፈልጋለሁ። አንዱ የአሜሪካ፣ አንዱ የአገራችን፣ አንዱ የፍልስጤም ነው።

የመጀመሪያው ሃርፐር ሊ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመችው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። በ1961 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል፤ በ1962 ደግሞ ግሪጎሪ ፔክ የሚሠራበት ፊልም ሆኗል። ታሪኩ የሚፈጸመው በአላባማ ግዛት ሜይኮም በምትባል ደራሲዋ በፈጠረቻት ትንሽ ከተማ፣ በ1930ዎቹ የድህነት ዓመታት ነው። ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ሜየላ ዩዌል የተባለችን ነጭ ልጅ አስገድዶ ደፍሯል ተብሎ ይከሰሳል። አቲከስ ፊንች የተባለው ነጭ ጠበቃ እንዲከራከርለት በዳኛው ይመደባል። ታሪኩን የምትነግረን የጠበቃው ትንሽ ልጅ ስካውት ናት።

ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነሳ የሚያነሳው የፍርድ ቤቱን ክርክር ነው። ክርክሩ በእርግጥ ያማረ ነው። የቶም ግራ እጅ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን በልቶት የማይሠራ መሆኑ፣ የልጅቷን ፊት ያበለዘው ሰው ግን ግራኝ መሆን እንዳለበት፣ አባቷ ቦብ ዩዌልም ግራኝ መሆኑ በሸንጎው ፊት ሁሉም እያየ ይገለጣል። ይሁንና አሥራ ሁለቱ ፈራጆች ጥፋተኛ ነው ብለው ይፈርዱበታል። ጠበቃው ተሸነፈ ማለት ነው። እኔ ግን ቆም ብዬ የማየው ሌሎች ሦስት ቦታዎችን ነው።

አንደኛው አቲከስ እብድ ውሻ የሚገድልበት ነው። ልጆቹ አባታችን ሽማግሌ ነው፣ እንደ ሌሎች አባቶች አያድንም፣ ኳስ አይጫወትም እያሉ ያፍሩበት ነበር። አንድ ቀን ያበደ ውሻ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ የፖሊስ አዛዡ ጠመንጃውን ለአቲከስ ይሰጠዋል፤ በአንድ ጥይት ይጥለዋል። ልጆቹ ያን ዕለት ጀግና አባት አገኘን ብለው ይፈነድቃሉ። አባትየው ግን በዚህ እንዲኮሩ አይፈልግም። ቀጥሎ ወይዘሮ ዱቦዝ የምትባል ክፉ ተሳዳቢ አሮጊት ቤት ልጁን ጄምን እየላከ መጽሐፍ ያስነብባታል። አሮጊቷ ከሞተች በኋላ ነው ልጁ የሞርፊን ሱሰኛ እንደነበረችና ከሱሱ ነጻ ወጥታ ለመሞት ስትታገል እንደቆየች የሚሰማው። ልጁ ከጠመንጃው ይልቅ የአልጋዋን ትግል እንዲያይ ነው አባትየው የላከው። ደራሲዋ ይህን ከፍርድ ቤቱ በፊት ያስቀመጠችው በዋዛ አይደለም። አንባቢው በፉከራ ዓይን ወደ ችሎቱ እንዳይገባ አስቀድማ ዓይኑን ታጥብለታለች።

ሁለተኛው ወህኒ ቤቱ ደጃፍ ያለው ሌሊት ነው። አቲከስ ቶምን ያለ ፍርድ ሊገድሉት እንደሚመጡ ስለሰማ ወንበርና አምፖል ይዞ ከወህኒው በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብባል። መሣሪያ የለውም። ሰዎቹ በመኪና ይመጣሉ። ልጆቹ ተደብቀው ተከትለውት ኖሮ ስካውት ሮጣ ከመካከላቸው ትገባለች፤ የምታውቀው ፊት ስትፈልግ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን አባት አቶ ካኒንግሃምን ታያለች። ስለ ልጁ ትጠይቀዋለች፣ ሰላምታ ንገርልኝ ትለዋለች፣ አባቷ ስለሚይዝለት የመሬት ጉዳይ ታወራለታለች። ሰውየው ዝቅ ብሎ ትከሻዋን ይይዝና ሰዎቹን ሰብስቦ ይሄዳል። ስካውት ጀግንነት እየሠራች እንደሆነ አታውቅም። ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመንጋው መካከል አንዱን ሰው በስሙ ጠርታ የእገሌ አባት መሆኑን አስታወሰችው። በኋላ ላይ እንደምንረዳው ከፈራጆቹ መካከል ቶምን ነጻ እንልቀቀው ብሎ ለረጅም ሰዓት የተከራከረው የዚሁ ሰው ዘመድ ነበር።

ለጋዜጣ አንባቢ ደግሞ አንዲት ነገር ልጨምር። ያን ሌሊት የከተማዋ ጋዜጣ ባለቤት አቶ አንደርውድ ከመስኮቱ ላይ ሆኖ ጠመንጃውን ደግኖ አቲከስን ይጠብቅ ነበር። ይህ ሰው ጥቁሮችን የማይወድ ሰው ነው! እንዲህ ያለውን ሰው ስብከት አይፈጥረውም፤ ደራሲ ግን ይፈጥረዋል፣ እኛም እናምነዋለን፤ ምክንያቱም በየሰፈራችን አለ።

ሦስተኛው ቦታ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ችሎቱ በሚካሄድበት ጊዜ ሊንክ ዲስ የተባለ ነጭ ገበሬ ከሕዝቡ መካከል ድንገት ብድግ ይልና ቶም ስምንት ዓመት ለእርሱ ሲሠራ አንዳች ነውር እንዳላየበት ጮኾ ይናገራል። ማንም አልጠራውም፤ ምስክር አይደለም። ዳኛው ተቆጥቶ ከችሎቱ ያስወጣዋል። ለፍርዱ የጨመረው ነገር የለም። ግን ይህ ሰው በዚህ አያበቃም። ቶም ከእስር ቤት ለማምለጥ ሲሞክር በጥይት ተደብድቦ ከተገደለ በኋላ ለሚስቱ ለሄለን ሥራ የሰጣት እርሱ ነው። ሄለን ወደ ሥራ ስትመጣ የዩዌል ቤተሰብ ስለሚያስቸግራት ሩቅ መንገድ ዞራ እንደምትመጣ ሲያውቅ አብሯት ይሄድና በበራቸው ላይ ቆሞ ያስጠነቅቃቸዋል። ቦብ ዩዌል በማግስቱ ከኋላዋ እየተከተለ ሲሰድባት እንደገና ወጥቶ ያስቆመዋል። አቲከስ የተማረ ጠበቃ ነው፤ ተመድቦ ነው የቆመው። ሊንክ ዲስ ግን የሠራው ሥራ በእያንዳንዳችን እጅ ያለ ነው፦ አንዲትን መበለት በመንገዷ በሰላም እንድትሄድ ማድረግ። ከመጽሐፉ ሁሉ አንድ ሰው ምረጥ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው።

በመጽሐፉ ላይ የሚቀርበውን ነቀፌታም መሰወር አይገባም። ስለ ቶም ብዙ ይባላል፤ ቶም ራሱ ግን የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ጥቁር አንባቢዎች «የእኛ መከራ የነጭ ጠበቃ መልካምነት መታያ ሆነ» ብለው ቢያዝኑ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ቶም ከሚናገራት ጥቂት ንግግር ውስጥ የመጽሐፉ ትልቅ ምስጢር አለ። ለምን ያለ ደመወዝ የልጅቷን ሥራ ትሠራላት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ አሳዘነችኝ ብሎ ይመልሳል። ችሎቱ የከፋበት ያኔ ነው። ጥቁር ሆኖ ለነጭ ማዘን! እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ሌላው የቆመው አቲከስ ሳይሆን ቶም ነበር። አሥር ጊዜ ያነበቡት ሰዎች እንኳ ይህን ሲያልፉት አያለሁ።

ሃርፐር ሊ ከዚህ መጽሐፍ በፊት የጻፈችው ሌላ ድርሰት በ2015 ታትሞ ሲወጣ ደግሞ ብዙ አንባቢ ደንግጧል። በዚያ ድርሰት አቲከስ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሆኖ ጥቁርና ነጭ እኩል እንዳይሆኑ ከሚሰበሰቡ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ልጁ ታየዋለች። «ጀግናችንን ገደሉብን» ብለው የጮኹ ነበሩ። እኔ ግን አልተከፋሁም። በአንድ ችሎት ለአንድ ሰው የቆመ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ለሁሉ ይቆማል የሚል ውል የለም። ይህም ቢሆን ከወህኒው በር ላይ የተቀመጠባትን ሌሊት አይሽራትም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አቲከስም፣ ሊንክ ዲስም፣ አንደርውድም ከአጥቂው ወገን የተወለዱ ናቸው። በቁርኣን ውስጥ በሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ እምነቱን ደብቆ የኖረው የፈርዖን ቤተሰብ ሰው ሙሳን ለመግደል ሲመከር ተነስቶ እንደተከራከረ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ያ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ከሰው ድርሰት ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም። ግን ከዚያ ታሪክ የተማርነው ዓይን ድርሰትንም ለማንበብ ይረዳናል። ከቤት ውስጥ ያለ ሰው ሲናገር የሚያጣው አለው፤ ወንበሩን፣ ማዕዱን፣ የዘመዱን ሰላምታ። የውጭ ሰው ቢጮኽ ይገፈተራል፤ የቤት ሰው ቢናገር ግን ምን ይባላል?

እብድ ይባላል! ይህን ከሁሉ አሳምረው ያሳዩን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ቢኖር ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሳይሰማ አልቀረም። ብዙ ሰው መጽሐፉን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ አድርጎ ብቻ ይይዘዋል። እኔ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ጉዱ ካሣ ነው። ካሣ ዳምጤ ለፊታውራሪ መሸሻ ቤት ባዳ አይደለም፤ የቤተ ዘመድ ሰው ነው፤ ከማዕዳቸው ይቀርባል። ሆኖም የዘርና የማዕረግ ሥርዓቱ ሰውን ከሰው የሚያበላልጥበትን መንገድ ይነቅፋል፤ ድሃው የገበሬ ልጅ በዛብህና የመኳንንቱ ልጅ ሰብለ መዋደዳቸው ኃጢአት እንዳልሆነ ይናገራል። ቤቱ ለዚህ የሰጠው መልስ ክርክር አይደለም፤ ስም ነው። «ጉዱ» አሉት፤ አበቃ። ሰውየውን ጉድ ካሉት በኋላ የሚናገረው ሁሉ የጉድ ንግግር ይሆናል፤ መልስ መስጠት አያስፈልግም።

ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። በመሥሪያ ቤት፣ በዕድር፣ በመስጊድ ኮሚቴ ሳይቀር አንድ ሰው ስለ ሌላው ሲናገር «እርሱማ ትንሽ ነካ ያደርገዋል» ከተባለ ነገሩ ተዘጋ። ስለዚህ ጉዱ ካሣ ያጣው ርስት ወይም ሕይወት ከመሆኑ በፊት ያጣው ተሰሚነቱን ነው። አንባቢው ብቻ ይሰማዋል። ደራሲው በዚህ አንባቢውን ከቤቱ ሰዎች ለይተው ከእብዱ ጎን ያስቀምጡታል፤ ሳናውቀው እኛም የእብድ ወገን ሆነን እንገኛለን።

በዚያው መጽሐፍ ሌላም መቆም አለ። ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሩ ላይ ግብር ሲያበዙበት ባላገሩ እምቢ ይላል፤ ፊታውራሪውም ይዘምቱበታል። የባላገሮቹ መሪ አበጀ በለው ነው። ፊታውራሪው ተማርከው እጁ ላይ ይወድቃሉ። ጉዱ ካሣ ከቤት ሆኖ ስለ ተበዳዩ ይናገራል፤ አበጀ ግን ተበዳይ ሆኖ ስለ ራሱና ስለ ወገኖቹ ይቆማል። ከአሜሪካው መጽሐፍ የጎደለው ይህ ነው እላለሁ። ቶም ጠበቃ አለው፤ አበጀ በለው ግን ራሱ አፍ አለው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋናቸው፣ የመሬቱ ሥርዓትም በቦታው ሳለ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው ድርሰት ማንም የማይቆምበት ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ ያመኛል። በ1936 በዓካ ከተማ የተወለደው ፍልስጤማዊ ገሳን ከነፋኒ በ1963 ያሳተመው «ሪጃል ፊ አሽ-ሸምስ» አጭር መጽሐፍ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ሦስት ፍልስጤማውያን ስደተኞች፣ ሽማግሌው አቡ ቀይስ፣ ወጣቱ አስዓድና የአሥራ ስድስት ዓመቱ መርዋን፣ ከበስራ ወደ ኩዌት በድብቅ ለመሻገር ይፈልጋሉ። አቡል ኸይዙራን የተባለ የአገራቸው ሰው ባዶ የውሃ ቦቴ ይነዳል። በኬላዎቹ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቦቴው ውስጥ ትገባላችሁ፣ ካለፍን በኋላ ትወጣላችሁ ብሎ ይዋዋላቸዋል። ወሩ ነሐሴ ነው፤ በረሃው ይነድዳል። የመጀመሪያውን ኬላ እንደምንም አልፈው ግማሽ ሬሳ ሆነው ይወጣሉ። በሁለተኛው ኬላ ግን ጸሐፊዎቹ ሾፌሩን በበስራ ስላለች ዳንሰኛ እየቀለዱ ያቆዩታል። ፈርመው ሲለቁት፣ ነድቶ ርቆ ክዳኑን ሲከፍት ሦስቱም ሞተዋል። ሬሳቸውን በሌሊት ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይጥላቸዋል፤ ገንዘባቸውንና የመርዋንን የእጅ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ነው በበረሃው ውስጥ የሚጮኸው፦ ለምን የቦቴውን ግድግዳ አላንኳኩም?

ጥያቄውን የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ሟቾቹን የዘረፈው ሰው ነው! ከነፋኒ ትልቁን ጥያቄ በንጹሕ ሰው አፍ አላስቀመጠውም። ሾፌሩም ቢሆን ክፉ ሆኖ የተወለደ አይደለም፤ በ1948 ጦርነት ቆስሎ ወንድነቱን ያጣና ከዚያ ወዲህ ከገንዘብ በቀር የሚያምነው ያጣ ሰው ነው።

ታዲያ ለምን አላንኳኩም? ብዙዎች የመጽሐፉ መልእክት «ፈሪዎች ስለነበሩ ሞቱ» የሚል ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ወደ ኋላ ገልጬ ማንበብን እመርጣለሁ። መርዋን በበስራ ሳለ ወፍራሙ ደላላ አሥራ አምስት ዲናር ካልከፈልክ ሲለው ለፖሊስ እናገራለሁ ብሎ ነበር። ደላላው በጥፊ ይመታዋል። ያ ልጅ ያን ዕለት አንኳክቷል፤ መልሱ ጥፊ ሆነ። ያን ጥፊ ከቦቴው ውስጥ ዝምታ ጋር አያይዞ ያላነበበ ሰው መጽሐፉን ግማሹን ነው ያነበበው። ዝምታ በአንድ ቀን አይለመድም፤ ቀስ በቀስ በየጥፊው ይማሩታል። አስዓድም ቢሆን ቀደም ሲል ገንዘቡን የወሰደ ደላላ በበረሃ መካከል ጥሎት ሄዷል። አንኳኩተው ቢከፈትላቸው ደግሞ የሚጠብቃቸው እስርና መመለስ ነው። ከክዳኑ በላይ ያለው ዓለም ወዳጅ መሆኑን የሚያሳይ ምን አይተዋል?

በዚህ ሁሉ ጨለማ መካከል አንድ የቆመ ሰው አለ፤ በሽማግሌው ትዝታ ውስጥ ብቻ የሚኖረው ኡስታዝ ሰሊም። ወደ መንደሩ በመምህርነት ሲመጣ ሽማግሌዎቹ የጁምዓ ሶላት ያሰግደን እንደሆነ ይጠይቁታል። እኔ መምህር እንጂ ኢማም አይደለሁም፣ ማሰገድ አላውቅም ይላቸዋል። ሁሉም ይደነግጣል። እርሱ ግን ሌላ ነገር አውቃለሁ፣ መተኮስ እችላለሁ፤ የመጡባችሁ ዕለት ቀስቅሱኝ ይላል። መንደሩ ከመያዙ በፊት በነበረው ሌሊት ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ይህን ስታነቡ ቅር የሚላችሁ ወንድሞች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ደራሲው የሶላትን ነገር ሊያቃልል ነው ብዬ ግን አላነበብኩትም። ለመንደሩ ነዋሪዎች በቃሉ የተገኘው እንግዳው መምህር መሆኑን ማሳየቱ ነው።

ከነፋኒ ራሱ በሐምሌ ወር 1972 በቤይሩት መኪናው ላይ በተጠመደ ፈንጂ ከእህቱ ልጅ ከለሚስ ጋር ተገደለ፤ 36 ዓመቱ ነበር። በአገራችንም በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ መጽሐፉ ታገደ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። የደራሲ ዕጣ የድርሰት ማስረጃ አይሆንም፤ መጥፎ ጽፎ የሚሞትም አለና። ግን ስለ ሌላው መቆምን በወረቀት ላይ ብቻ የተጫወቱበት ናቸው እንዳይባል ያህል አነሳሁት።

በሰፈራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ አንብበው የሚወያዩ ወጣቶች አሉ፤ እኔም አልፎ አልፎ አብሬ እቀመጣለሁ። «ከመጽሐፉ ውስጥ ማንን ትሆናላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የአሜሪካው ሲሆን ሁሉም አቲከስ ነው፤ የሐዲስ ሲሆን ሁሉም ጉዱ ካሣ ነው። ቦብ ዩዌል የሚሆን ወይም ጉዱ ካሣን «ጉዱ» ብሎ የሚጠራ አንድም የለም! በከነፋኒው መጽሐፍ ጊዜ ግን ክፍሉ ዝም አለ። ምክንያቱም ታሪኩ የእኛም ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 የኢትዮጵያ ልጆች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ በሕይወት የወጡት 14 ነበሩ። በጅቡቲ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ከመካከላቸው ማን ነበር?

ግብጻዊው የፊልም አዘጋጅ ተውፊቅ ሳሊህ በ1972 መጽሐፉን «አል-መኽዱዑን» በሚል ስም ፊልም ሲያደርገው መጨረሻውን ለውጦታል። በፊልሙ ውስጥ ሰዎቹ ያንኳኳሉ። ነገር ግን የኬላው ቢሮ አየር ማቀዝቀዣ እየጮኸ ስለሆነ ማንም አይሰማቸውም። የትኛው መጨረሻ ይሻላል ብለን ስንከራከር አመሸን። ወንዶቹ አብዛኞቹ የፊልሙን መረጡ፤ ሟቾቹን ከፈሪነት ያወጣቸዋል አሉ። እኔ የመጽሐፉን ነበር የያዝኩት፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ በአንባቢው ጆሮ ስለሚቀር።

በመጨረሻ አንዲት እህት እጇን አውጥታ ሁላችንንም ያለፈንን ሰው አነሳች። ሾፌሩን በቀልድ ያቆየውን የኬላ ጸሐፊ። «እርሱ ክፉ ነው?» አለች። ወረቀቱን ለመፈረም ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር። ቦቴው ውስጥ ሰው እንዳለ አያውቅም፤ ሰው አልደበደበም፤ ጉቦም ሲጠይቅ አላየነውም። በቀዝቃዛ ክፍል ተቀምጦ የተሳቀ ሰው ነው። «ደጅ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና እንዳለ እያየ፣ ምን እንደጫነ ብድግ ብሎ ቢያይስ ኖሮ?» ስትል አንዱ ወጣት ፈጠን ብሎ «እርሱን ምን አገባው?» አላት። ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። የቀረችውን አንድ ሰዓት ስለ ጸሐፊው ብቻ ስንነጋገር መግሪብ ደረሰ።